ስለ አብዲ ቴስታ የጻፍኩት

ሰውን በጽሑፍ አሳምናለሁ ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። እኔ ሞክሬዋለሁ። ያተረፍኩት ንዴት ብቻ ነው።

በደርጉ ጊዜ ነው፤ ድሬዳዋ፣ አንዲት የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ጽሕፈቴ ስለሚያምር የግድግዳ ጋዜጣውን እንዳዘጋጅ ተመደብኩ። መመደብ ነው እንግዲህ፤ ያኔ ማን ፈቃድህን ይጠይቅሃል? ጋዜጣው ማለት በሩ አጠገብ የሚለጠፍ አንድ ትልቅ ወረቀት ነው። ሠራተኛው ሲገባም ሲወጣም ያነበዋል። ሌላ ምን ያንብብ?

አብዲ ደግሞ የፋብሪካው ኳስ ቡድን ተከላካይ ነው። ጓደኛዬም ነው። የእሱን ቴስታ ያላየ ሰው ኳስ አየሁ አይበል! አንድ እሁድ ታዲያ ለቴስታ ተነስቶ ከተጋጣሚው አጥቂ ጋር ግንባር ለግንባር ተላተሙ። ድምፁ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ተሰማ። አብዲ ወደቀ፣ ራሱን ሳተ። ውሃ ደፉበት፣ ሽንኩርት አሸተቱት፣ ተነሳና ጨዋታውን ጨረሰ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልዋሽም።

ማግስቱን በፋብሪካው ምግብ ቤት ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ወጣና ተመልሶ መጥቶ ለምሳ ተሰለፈ። "በላህ እኮ" ስለው "ሂድ አቦ፣ መቼ?" አለኝ። ሳቅን። በሦስተኛው ቀን ግን የሚሠራበት ክፍል ጠፍቶት ግቢ ውስጥ ሲዞር አገኘሁት። ያኔ ሳቄ ቆመ። ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ፣ ወደ ድሬሰራችን ወሰድኩት። አየውና፣ ይህ ጭንቅላት ሳይድን ደግሞ ከተመታ ሰውየውን ታጡታላችሁ አለኝ። ለዋንጫው ጨዋታ አሥር ቀን ነው የቀረው።

ምን ላድርግ? ጻፍኩ። መጀመሪያ በማስፈራራት ጻፍኩ፤ አንጎል ሲናወጥ ሰው ምን ምን እንደሚሆን ዘረዘርኩ። ጋዜጣው ደግሞ ጓድ ታደሰ ሳያዩት አይለጠፍም። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር እሳቸው፣ የኳስ ቡድኑም አለቃ እሳቸው። ሰፊውን ሕዝብ ታስደነግጣለህ ብለው ቀደዱት። በማግስቱ በማስረጃ ጻፍኩ፤ ድሬሰሩ ያለውን ቃል በቃል። ድሬሰር ስለ ኳስ ምን ያውቃል አሉ። እሺ፣ በማሳዘን ልሞክር ብዬ ስለ ሚስቱ ስለ ዘይነባና ስለ ጨቅላ ልጃቸው ጻፍኩ። ይህን እንኳ ሲያነቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አቀረረና፣ ይሄ የንዑስ ከበርቴ ልቅሶ ነው ብለው መለሱልኝ። ኧረ በአላህ!

በመጨረሻ ብልጥ ሆንኩ። የሆንኩ መሰለኝ። አስቀድሜ ላሞግስ፣ የአንባቢው ልብ ሲከፈት ያኔ እውነቱን ልንገረው አልኩ። ግማሹን ገጽ አብዲን አሞገስኩት፤ "ጭንቅላቱን ለቡድኑ ያልሰሰተ ጀግና" ሁሉ ብዬዋለሁ። በቀረው ግማሽ ደግሞ፣ ስለዚህ አሁን ማረፍ አለበት ብዬ ለምኜ ዘጋሁ። ጓድ ታደሰ ወደዱት፤ እጄን ጨበጡኝ። ጠዋት ስገባ ግን የታችኛው ግማሽ የለም! ለስብሰባ ማስታወቂያ ቦታ ጠብቧቸው ቆርጠውታል። የቀረው ሙገሳው ብቻ ነው፤ ከሥሩም በቀይ "ወደፊት!" ተብሎ ተጽፎበታል።

ከሁሉም የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ዘይነባ አብዲን ለምና ለምና "እሺ፣ አልጫወትም" አስብላው ነበር። ይኸው አብዲ ወረቀቱን አንብቦ አለቀሰ። አቅፎኝ "ለካ እንዲህ ነው የምታዩኝ? እጫወታለሁ!" አለኝ። የተቆረጠውን ብነግረው ማን ይስማኝ! በሕይወቴ በብዕሬ ሰው ያሳመንኩት ያን ቀን ነው፤ እሱንም ላስገድለው። ከሰዓት በኋላ ዘይነባ መጣች። የጻፍከው አንተ ነህ ወይ አለችኝ። አዎ ስላት፣ በቃ ከእንግዲህ አትጻፍ ብላኝ ሄደች።

የዋንጫው ቀን፣ ተጫዋቾቹ ማልያ ሲቀበሉ፣ ልጇን አዝላ ሜዳ ገባች። በቀጥታ ወደ ጓድ ታደሰ። ድሬ ላይ መቼም አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው። "አንተ፣ ና እስቲ ወዲህ፣ እይ" አለቻቸው። ከዚያ ወደ አብዲ ዞራ፣ ጀርባዋ ላይ ያለችውን ልጅ አሳየችውና "ስሟ ማነው?" አለችው።

አብዲ ፈገግ አለ። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ግንባሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ስሟን ያወጣላት እሱ ራሱ ነበር። ጓድ ታደሰ እሱን አዩት፣ ልጅቷን አዩና ማልያውን ከእጁ ወሰዱት። ዘይነባ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም አለቀስኩ። ያን ሁሉ ወረቀት ስጨርስ እኔ፣ እሷ ያለ መግቢያ፣ ያለ ሙገሳ፣ በአንዲት ጥያቄ!

በጨዋታው ተሸነፍን። አብዲ ግን ወራት አርፎ ዳነ፤ ድሬሰሩም ተጫወት አለው። እኔ የዘይነባን ምክር አልሰማሁም፤ ስለ እሷ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ጓድ ታደሰ አስቀይረው እንደገና አስገለበጡኝና ሲለጠፍ ዘይነባ ውስጡ የለችም። "ጓድ ታደሰ በአርቆ አስተዋይነታቸው የሠራተኛውን ጭንቅላት ታደጉ" ይላል፣ በእኔው ጽሕፈት! እሳቸው ፊቱ ቆመው ደጋግመው አነበቡት። አነበቡና አመኑት! ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ግንባሩን የነካ ሰው ካለ ሮጠው ገብተው ያስወጡታል። ላቡን የጠረገ በረኛ ሳይቀር አስወጥተዋል። አንድ ቀን በሰባት ሰው ጨረስን።

ተጫዋቾቹ ተሰብስበው መጡብኝ። ይህን ጉድ ያመጣህብን አንተ ነህ፣ ትንሽ እንዲለቁን አንድ ነገር ጻፍልን አሉኝ። ፊት ሆኖ የሚለምነኝ ማነው ብትሉ፣ አብዲ! ወላሂ አልጽፍም፣ እሳቸውን ማሳመን ከፈለጋችሁ ዘይነባን ለምኗት አልኳቸው።

"እሷንስ ተዋት አቦ" አለ አብዲ፣ "በሰባትም እንጫወታለን።"