ዓሣ እያየ አይበላም

ሰው ዓይን እያየው ብቻውን አይበላም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ግን እናንተም ታውቁታላችሁ። አውቶቡስ ውስጥ ብርቱካን ልጣችሁ አጠገባችሁ ያለውን የማታውቁትን ሰው «እንብላ» ሳትሉት ብትጎርሱ፣ ብርቱካኑ ራሱ ጉሮሯችሁ ላይ ይቆማል። እኛ የዋግ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ይብሳል። ድርቅ የሚመላለስበት አገር ሰው የራበው ዓይን ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ውሻ ቢያየው ይጥልለታል፣ ድመት ብታየው ይጥልላታል። ዓሣ ቢያየውስ? ይህን ጥያቄ ሰቆጣ ላይ ያመጣብን የእኔ ባል ነው።

ሞላ ይባላል። ዐረብ አገር የአንድ ሀብታም ቤት ዓሣ ተንከባካቢ ሆኖ ኖሮ ሲመለስ፣ የሰው ባል ፍሪጅና ቴሌቪዥን ሲያመጣ፣ የእኔው ባሕር ይዞልኝ መጣ። የመስታወት ሣጥን፣ የባሕር ጨው በከረጢት፣ ፓምፕ፣ ኮራል የሚባል ድንጋይ የሚመስል ግን ነፍስ ያለው ነገር፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ደግሞ ውሃ በሞላው ፌስታል ጭኑ ላይ ታቅፎት የመጣ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ አንድ ብርቱካንማ ዓሣ። እኔን በዚያ ጥንቃቄ ታቅፎኝ አያውቅም። ይህን ሁሉ ምግብ ቤቴ ውስጥ ከእጅ መታጠቢያው ጎን ተከለው። ደንበኛ ይስባል አለኝ፤ እውነትም ሳበ። ከጎረቤት ወረዳችን ከዝቋላ ፍየል ሊሸጥ የመጣ ሁሉ ባሕሩን ሳያይ አይመለስም ነበር።

ሰውን ከዓሣው ይልቅ የገረመው ግን አጠገቡ የቆመው ቱቦ ነው። ሞላ ሪአክተር ይለዋል። አንድ ጎረቤታችን ቃሉን ከዜና ሰምቶት ኖሮ ይፈነዳ እንደሆነ ጠየቀና፣ ለማንኛውም ብሎ በሩ ሥር መቀመጥ ጀመረ። የሚፈነዳ ነገር የለውም። በውስጡ ዝገት የሚመስል የብረት ፍርፋሪ አለ፤ ውሃው ከታች ገብቶ በፍርፋሪው መሃል አልፎ ከላይ ይወጣል። ከዓሣ ምግብ ትርፍ ፎስፌት የሚባል ነገር ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ እሱ ሲበዛ አረንጓዴ አልጌ መስታወቱን ይወርሰዋል፣ ኮራሉም ታፍኖ ይሞታል። ብረቱ ያንን ይዞ ያስቀራል። ጥበቡ ያለው ፍሰቱ ላይ ነው ይላል ሞላ። ውሃው ሲበረታ ፍርፋሪው ተፋጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ ሲደክም ተጋግሮ ይቀመጣል። እንደ ሽሮ በዝግታ መንተክተክ አለበት። ይህን ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

ችግሩ ዓሣው ከጠረጴዛዎቹ ፊት ለፊት መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ በላተኛውን እያየ አፉን ከፈት ከደን ያደርጋል። ለእሱ መተንፈስ ነው፤ ለሰቆጣ ሰው ልመና ነው። የጀመሩት አማቴ እማማ አበራሽ ናቸው። ይህ ልጅ ርቦታል ብለው እንጀራ በወጥ አጥቅሰው ጣል አደረጉለት። ከዚያማ ማን ይቅር? ገበሬው ቆሎ፣ ነጋዴው አንባሻ፤ ጥብስ ይበላ የነበረ አንዱ ደግሞ አጥንት ጨመረለት፣ ይጋጠው ብሎ። ባሕሩ ቀይ ወጥ ቀይ ወጥ ሸተተ። ሞላ በየወሩ ይለውጠው የነበረውን ብረት በየሳምንቱ አደረገው። ሽታና ቀለሙን እንዲያወጣ ብሎም ልዩ ከሰል የሚሞላበት ሁለተኛ ቱቦ ተከለ። እማማ ከሰል ከሆነማ ብለው ከአበርገሌ አንድ ጆንያ አስመጡለት። እሳቸውን ላለማስቀየም ጨመረው፤ ዓሣው ለሁለት ቀን ከዓይናችን ተሰወረ።

በመጨረሻ ሞላ «ዓሣውን መመገብ ክልክል ነው» ብሎ ለጠፈ። ምግብ ቤት ውስጥ! ወዲያው ስማችን ጠፋ። ለዓሣ የሚሰስቱ ለሰው ምን ሊያበሉ ነው ተባለ፤ ጠረጴዛዎቼም ባዶ መዋል ጀመሩ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ማስታወቂያው ከተነሣ ዓሣው ይሞታል፣ ካልተነሣ ምግብ ቤቴ ይሞታል። ሞላን ታውቁታላችሁ፣ ዓሣው ከሞተ እሱም አይተርፍም። እሱማ ምሳውን እንኳ ጓዳ ገብቶ ነው የሚበላው፤ ዓሣው ፊት ሲጎርስ አይቼው አላውቅም።

አንድ ቀን ሻይ የማይቀሩብኝ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ እንድሪስ የሰዉን ሐሜት አንድም ሳያስቀሩ ነገሩኝ። እየነገሩኝ አንባሻቸውን ቆርሰው ወደ ባሕሩ እጃቸውን ዘረጉ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፦

«ተዉት ሐጂ፣ እየጾመ ነው።»

እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። «አላህ ይቀበለው» አሉ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ማስታወቂያው ተነሣ፤ አንድም ሰው ፍርፋሪ አልጣለም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ብለው ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች የሚጾም ዓሣ ሊያዩ መጡ። ብረቱ እንደ ቀድሞው በቱቦው ውስጥ ቀስ እያለ ተንተከተከ፣ ውሃው እንደ ምንጭ ጠራ፣ ኮራሉም ተዘረጋ። ሞላ ጠዋት በር ሳይከፈት በቁንጥር ይመግበዋል። እኔም ኮራሁ። ውሸት ግን ልክ እንደ ጾም ነው፤ መፍቻ ቀን አለው።

የፋሲካ ዕለት እማማ አበራሽ ተልባ በማሰሮ ይዘው መጡ፤ ከጾም የወጣ ሆድ እንዳይታወክ መጀመሪያ ተልባ ነው አሉ። ከኋላቸው ጎረቤቱ ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ድፎውን ይዞ ተከተለ፤ ዓሣውን ሊያስፈስኩ! ሞላ እጆቹን ዘርግቶ ባሕሩ ፊት ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አሳዘነኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ ይህ ገና ሕፃን ነው» አልኳቸው። «የሕፃንን ጉርሻ አባቱ ይቀበልለታል።»

እማማ አሰቡበት። ከዚያ ልጃቸውን ትከሻውን ይዘው ባሕሩ ፊት አስቀመጡት። አንድ ጉርሻ ያጣላል እየተባለ በአንድ አልተዉትም። ተልባው ገባ፣ ዶሮው ተከተለ፣ ድፎው በላዩ ተጨመረ። ዓይኑ እስኪፈጥ አጎረሱት፤ እኔ ዓሣችን ተረፈ ብዬ ተንፈስ አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ሞላ ቀና ያለው። ዓሣው አፍንጫው ሥር ቆሞ፣ እያየው፣ አፉን ከፈት ከደን ያደርጋል። ባሌ ማኘኩን አቆመ። ግራ ቀኙን ቃኘ። ከድፎው ትንሽ ቆንጥሮ ጣል አደረገለት።

አፈጠጥኩበት።

«ምን ላድርግ» አለኝ አፉ እንደሞላ፣ «እያየኝ እኮ ነው።»

ተነሥቼ ለቱቦው የሚለወጠውን ብረት ላመጣ ጓዳ ገባሁ።