ከአጋሙ ኋላ ያለው ፉከራ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ጭንቅላታችሁን ግን ጠብቁ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ሸለቆ ሲኖሩ፣ ስንዱ የምትባል በግ ነበረች። ለማንም ተናግራ የማታውቀው አንድ ምስጢር ነበራት። ለእናቷ አልነገረችም፣ ለእህቶቿም አልነገረችም። ለጎረቤቷ ለዶሮማ ከቶ አይታሰብም፤ ለዶሮ ማታ የተነገረ ጎህ ሳይቀድ አገር ያውቀዋልና።

ስንዱ የተማረች ነበረች። በልጅነቷ ኤሊ ዘንድ ገብታ የአገሩን የዘር ሐረግ ከነግጥሙ አጥንታለች። ነገር ግን ዓይናፋር ናት። ሦስት እንስሳት ከተሰበሰቡ ቃል አይወጣትም፤ ሰላምታ እንኳ የምትሰጠው ሣር ሣሩን እያየች ነበር።

ባሏ ናደው ደግሞ የሸለቆው ዳኛ ነው። በዚያ ሸለቆ ዳኛ የሚመረጠው በግንባር ነበር። ሁለት አውራ በጎች ከወዲህና ከወዲያ ተንደርድረው ይላተማሉ፤ ቆሞ የቀረው እስከሚቀጥለው ግጥሚያ ይፈርዳል። ጓ የሚለው ድምፅ ወንዝ ተሻግሮ ከተሰማ፣ «ዘንድሮ የበሰለ ፍርድ እናገኛለን» ብለው ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ።

ግጥሚያውን የሚመራው አያ ዝንጀሮ ነበር። ሾላው ላይ ወጥቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ «ጭንቅላት የተሰጠን ታዲያ ለምንድን ነው?» ሲል አገሩ በሳቅና በጩኸት ይናጋል። እሱ ራሱ ግን የሾላ ፍሬ እንዳይፈነክተው ግማሽ ቅል ደፍቶ ነበር የሚቀመጠው።

ከመላተሙ በፊት አንድ ሕግ አለ። ተጋጣሚው አባቱንና አያቱን ጠርቶ መፎከር አለበት፤ ዘሩን ያልጠራ አይዋጋም።

ከናደው ጭንቅላት መጀመሪያ የጠፋው የአያቱ ስም ነው። አንድ ዓመት ሜዳው መካከል አፉን ከፍቶ ቀረ። ስንዱ ከሕዝቡ ፊት አፍራ አጋም ቁጥቋጦ ሥር ተደብቃ ነበርና፣ ቀስ ብላ አቀበለችው። እሱም ተቀብሎ አንባረቀው፦

«ናደው የሻረው ልጅ፣ የአንዳርጌ የልጅ ልጅ፣
ተራራ ቢገጥመው መንገድ የሚያበጅ!»

ሸለቆው ተናጋ። አህያ ደስታው በዝቶ ተንከባለለ። ስንዱም ከአጋሙ ኋላ እግሯ መሬት አልነካም፤ የሠራችው ግጥም በአገር ፊት ሲሞገስ ሰምታ አታውቅማ። ከዚያ ወዲያ ናደው የፎከረውን ሁሉ የፎከረችው እሷ ናት። እሱ ይላተማል፣ እሷ ትገጥማለች፣ አገር ይጨፍራል። ይህ ነበር ምስጢሯ፤ ደግሞ ምስጢሩ ይጥማት ነበር።

ናደው ግን በየግጥሚያው አንድ አንድ ነገር ሜዳው ላይ ይጥላል። ወንዝ ወርዶ በውኃው ውስጥ ያየውን በግ ተላትሞ ጉንፋን ይዞት ተመለሰ። «ማን መታህ?» ብትለው፣ «አላውቀውም፤ መልኩ ግን ያምራል» አላት። በየማለዳው ደጃቸው ላይ ያለውን ኩይሳ «እንደምን አደርክ አያ?» ይለው ጀመር። ጎረቤት ይህን አይቶ «ዳኛው ከኩይሳው ጋር ይማከራል» አለ። ብዙም ሳይቆይ ባለጉዳይ ኩይሳው ፊት ይሰለፍ ጀመር። ፍየል አንድ ቀን ኩይሳው ፊት ተከራክራ ተረታች፤ ይግባኝ ብላም ተረታች። ስንዱ በሳቅ ፍርስ አለች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ናደውን ከኩይሳው ፊት እየገፋች ወደ በረቱ አስገባችው።

የዚያ ዓመት ተጋጣሚ ከተራራው ማዶ የመጣ ድፋባቸው የሚባል ጎረምሳ በግ ነበር፤ ቋጥኝ ሰንጥቋል ይባላል። ስንዱ ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ አያ ዝንጀሮ ዘንድ ሄደች።

«አያ ዝንጀሮ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ናደው ራሱን ያመዋል» አለች ሣሩን እያየች።

«የድል ብዛት ነው። ራሱን ሳያመው የገነነ ማን አለ?»

«ስም ይረሳል።»

«ትልቅ ዳኛ ስም አይዝም እመት ስንዱ። ትንንሾቹ የእሱን ስም ይያዙ እንጂ።»

ይህን ሲል አንዲት ሾላ ወርዳ ቅሉን ቋ አደረገችው። አያ ዝንጀሮ ደንግጦ ቅርንጫፉን አቀፈ። «ይህች ፍሬ አንድ ቀን ጭንቅላቴን ታበላሸዋለች» አለ።

ስንዱ ይህንን በልቧ ይዛ ተመለሰች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ናደው መጥቶ የበረቱ በር ላይ ቆመ። ገብቶ አልተኛም። አየት አደረጋትና፣

«እመት፣ በረቱ የእርስዎ ነው? ዝናቡ እስኪያባራ ቢያስጠልሉኝ?» አላት። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም።

«ግባ» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤትዎ አይቆጡም?»

«አይቆጣም» አለች ስንዱ። «የዋህ ነው።»

አንድ ጓ ቢጨመርበት ከእንግዲህ ጨርሶ እንደማያውቃት ያኔ ገባት።

በማግሥቱ ማለዳ ሸለቆው ሜዳውን ሞላው። ስንዱ እንደ ወትሮዋ አጋሙ ሥር ገባች፤ አፏን ግን ገጠመች። ናደው «ናደው የ… የ…» ብሎ ወደ አጋሙ ዞረ። ዝም። ጆሮውን አቀና። ዝም። በመጨረሻ ፊቱ በራና፣ «ናደው የኩይሳው ልጅ!» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው አህያ ነው። አያ ዝንጀሮ ግን ቅሉን አስተካክሎ ተነሣ። «ሰማችሁ? ኩይሳ ማለት ጽናት ነው። አባቱን ጠርቷል፤ ይዋጋ።»

ድፋባቸው ለመንደርደር ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ያን ጊዜ ስንዱ እሾህ ፀጉሯ ላይ እንደተሰካ ወጥታ መካከላቸው ቆመች። ሣሩን አላየችም።

«ናደው ዘሩን አልጠራም» አለች። «መጀመሪያ የአያቱ ስም ጠፋው፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ አሁን የእኔ። እስከ ዛሬ የፎከርኩለት እኔ ነኝ።»

«እኔ ሳላውቅ?» አለች ዶሮ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳችው እሷ ነበረች።

«ከሜዳው ውጪልን እመት ስንዱ» አለ አያ ዝንጀሮ። «ጭንቅላት የተሰጠን ለምን ሆነና?»

«ያንተን ታዲያ ለምን በቅል ከደንከው?»

አያ ዝንጀሮ ቅሉን በሁለት እጁ ያዘ። ድፋባቸው ግን ጠጋ ብሎ በዝግታ፣ «እመት፣ መጀመሪያ የአያቱ ስም ነው ያልሽው?» አላት።

«አዎ።»

«የእኔ አያት…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ስሙ አልመጣለትም። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ተራራው ማዶ ሄደ።

ሸለቆው ያለ ዳኛ አልዋለም፤ እዚያው ተመካክሮ ኩይሳውን ሾመ። አያ ዝንጀሮ ሹመቱን ሲያውጅ ስንዱ ቀና ብላ፣ «ከዛፍ ላይ ሆኖ ለሚያይ፣ የወደቀ ሁሉ ፍሬ ይመስለዋል» አለችውና ናደውን ይዛ ወጣች።

መንገድ ላይ «አሸነፍን?» አላት።

«አሸነፍን።»

«ማንን?»

ስንዱ እስኪደክማት ሳቀች። ከዚያም ትከሻዋን አስደግፋው፣ አገር እንዳይሰማ ሳይሆን እሱ እንዲሰማ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ፎከረችለት፦

«ናደው የሻረው ልጅ፣ የአንዳርጌ የልጅ ልጅ፣
ስንዱ አጠገቡ ናት፣ መንገድ የምታበጅ።»