ዋና አሰልጣኝና የዋና አሰልጣኝ

ውሃ ላይ መንሳፈፍን «ዋና» ብሎ የሰየመው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ዋና መንገድ፣ ዋና ኃላፊ፣ ዋና ቢሮ እያልን የምንጠራበትን ያንን ትልቅ ቃል ለመንቦራጨቅ መስጠት ምን የሚሉት ነው? ሐይቅ አጠገብ ላደገ ሰው ይሁን እሺ። እኛ ኮልፌዎች ግን ውሃን የምናውቃት በጀሪካን ነው። በፈረቃ ትመጣለች፣ በርሜሉንና ባኞውን ሞልተን እንሸኛታለን፤ ውስጧ ገብቶ መንሳፈፍ የሚባል ነገር ትዝም አይለንም። እኔ ራሴ ስሜ ዘነበች ሆኖ ውሃ እፈራለሁ። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለችዋን ሴት ትሪያትሎን ውስጥ ምን ዶላት ትሉኝ ይሆናል። ትሪያትሎን ማለት መጀመሪያ የሚዋኙበት፣ ቀጥሎ ብስክሌት የሚነዱበት፣ በመጨረሻ የሚሮጡበት፣ ሦስቱንም ሳያርፉ የሚጨርሱት ውድድር ነው። ሰፈር ውስጥ «ሦስት በአንድ» ይሉታል፣ እንደ ሳሙና። ተማሪ ሳለሁ ሯጭ ነበርኩ። ለትምህርት ቤቶች ውድድር ተመርጬ፣ ማሊያዬ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳለ አባቴ ታመመና ሱቁ ሰው አጣ፤ እኔ ቆምኩለት። እስካሁንም ቆሜያለሁ፣ መጋረጃ እሸጣለሁ። ተበደልኩ አልልም፣ ሱቁ አኑሮኛል። ግን አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ መነሻ መስመር ላይ መቆም እፈልግ ነበር። ልጆቼ ራሳቸውን ከቻሉ ወዲህ ይህ ነገር እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዘኝ ጀመር። አንዲት ደንበኛዬ ሐይቅ ዳር ለጀማሪዎች ስለሚደረግ ውድድር ስታወራልኝ፣ ሐይቅ የምትለውን ቃል በቅጡ ሳልሰማ ተመዘገብኩ።

ሩጫው ብዙም አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ሰፈሩ ነው። በእኛ ሰፈር አርባን ያለፈች ባለትዳር ስትሮጥ ከታየች ወይ ሰው ሞቷል ወይ ታክሲ አምልጧታል። ሌላ ምክንያት አይታወቅም። የመጀመሪያ ቀን ወደ ጦር ኃይሎች ስሮጥ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ከበራቸው ላይ ሆነው «ማነው የሞተው?» አሉኝ። «ማንም» ስላቸው አላመኑኝም፤ ስመለስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጠበቁኝ። ታክሲዎቹ ደግሞ እነሱን ለመያዝ የምሮጥ እየመሰላቸው ይቆሙልኛል። አንዱ ረዳት በሩን ከፍቶ «ነይ እናት፣ አንድ ሰው ብቻ!» ብሎ ቢለምነኝ፣ «ስፖርት እየሠራሁ ነው» አልኩት። «ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?» ብሎኝ ሄደ።

ብስክሌቱንም ከወንድሜ ልጅ ተውሼ በቤቴል መንገድ ስወድቅ ስነሳ ለመድኩት። ውሃው ቀረ። ውሃውን ያልጨረሰ ደግሞ ብስክሌቱን አይነካም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ያ ሁሉ ድካሜ ፊቴን ውሃ ውስጥ መንከር በመቻል ባለመቻሌ ላይ ተንጠለጠለ።

መጋረጃ የሚሰፋልኝ ሸምሱ የማያውቀው ሰው የለም። «ሸምሱ፣ የዋና አሰልጣኝ ፈልግልኝ» አልኩት። ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «አለቀ!» አለኝ። እንዳለውም በማግስቱ ጋሽ ወንድሙን ይዞልኝ መጣ። ጡረታ የወጡ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ ያንጠለጠሉ፣ ሞገስ ያላቸው ሰው ናቸው። «አሰልጣኝ ነዎት አሉኝ» ስላቸው፣ ቆጣ ብለው «ዋና አሰልጣኝ» አሉኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም።

ቤቴል አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል መዋኛ ጠዋት ተገናኘን። ጋሽ ወንድሙ ግራ ቀኙን ቃኙና «ቡድኑስ?» አሉ።

«ቡድኑ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ጥሩ» አሉ፣ «ጠብ አይኖርም።»

ከዚያ ወዲህ እኔ ውሃ ውስጥ፣ እሳቸው ውሃ ዳር። ቱታቸውን አንድም ቀን አላወለቁም። እኔ ይህን የቆጠርኩት ከጨዋነት ነው። ትልቅ ሰው፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ከሰው ሚስት ጋር ገንዳ ውስጥ በቁምጣ ይታዩልኝ? እንዲያውም ይበልጥ አከበርኳቸው። ትእዛዛቸውም ለየት ያለ ነበር። «በክንፍ በኩል!» ሲሉኝ ጥግ ጥጉን እይዛለሁ። «ኳሷን ተያት፣ ሜዳውን እዪ!» ሲሉኝ ደግሞ፣ የዋና ጥበብ እንዲህ ጥልቅ ነው ለካ እያልኩ አደንቃለሁ። አጠገቤ የሚዋኙትን እያየሁ እኮርጃለሁ፣ እሳቸው ከዳር ይጮኹልኛል። የሚገርመው ነገሩ ሠራ። ፊቴን ነከርኩ፣ ተንሳፈፍኩ፣ ውሎ አድሮ ገንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ቻልኩ።

አንድ ጠዋት ጥልቁ ጋ ስደርስ ባቴን ጨመደደኝ። እግሬ መሬት ፈለገ፤ መሬት የለም። ሰመጥኩ፣ ብቅ አልኩ፣ «ጋሽ ወንድሙ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ወንድሙ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል?

ፊሽካ ነፉ።

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። እየሰመጥኩ ቅጣት ምት የተሰጠብኝ መሰለኝ። ንዴቱ ይሁን ነፍሴ እንጃ፣ በእጄ ብቻ እየቀዘፍኩ ወደ ጥግ ተጠጋሁ። ልናገራቸው ቀና ስል ግን ዳር ላይ የሉም፤ መሰላሉ ላይ ናቸው። ከነቱታቸው፣ ከነጫማቸው፣ ውሃው ደረታቸው ድረስ ደርሶ፣ አንድ እጃቸው ብረቱን አንቆ፣ ሌላው ወደ እኔ ተዘርግቶ፣ ፊሽካው አፋቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እጄን ያዙኝ። ማን ማንን እንዳወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ጋሽ ወንድሙ፣ ዋና አይችሉም እንዴ?»

«የት አውቄ!»

«የዋና አሰልጣኝ ነኝ አላሉኝም?»

«ዋና አሰልጣኝ ነው ያልኩሽ!» አሉ፣ ከጫማቸው ውሃ እየደፉ። «የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ። ሸምሱ ሦስት ስፖርት ባንዴ የምትሠራ ሴት ዋና አሰልጣኝ ትፈልጋለች አለኝ፤ ከበላይ ሆኜ የምመራ መስሎኝ መጣሁ። ዋናውን ሌላ ሰው የሚያስተምርሽ መስሎኝ ነበር። ሌላ ሰው አልመጣም፤ አንቺ ደግሞ እየቻልሽው ሄድሽ። ምን ብዬ ጥዬሽ ልሂድ?»

ለካ «የ» የምትባለዋ ፊደል በሸምሱ የስፌት መኪና ጩኸት ተውጣ ቀርታለች። ሌላ አሰልጣኝ መፈለግ ነበረብሽ ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ግን ዋና ሳይችል ከነጫማው የሚገባልኝ ሌላ ሰው ከየት አመጣለሁ? ቀጠልን።

በውድድሩ ቀን ሐይቁን ሳየው ከገንዳው ጋር በምንም አይገናኝም፤ ጥግ የሚባል ነገር የለውም። መነሻው መስመር ላይ ቆምኩ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ቦታ ላይ ቆሜ፣ እውነቴን ነው፣ ቦርሳዬን ይዤ ልመለስ በዓይኔ እየፈለግኩ ነበር። ይሄኔ አንዱ አስተናባሪ ጋሽ ወንድሙን «እርስዎ ማን ነዎት?» ሲላቸው ሰማሁ።

«ዋና አሰልጣኝ» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

«የዋና? እግዜር ነው ያመጣዎት! የነፍስ አድን ጀልባው ላይ ሰው ጎድሎናል» ብሎ ብርቱካናማ የአስተናባሪ ሰደርያ አጠለቀላቸው። ጋሽ ወንድሙ አፋቸውን ከፈቱ። የሌሎቹን አሰልጣኞች ፊት አዩ። አፋቸውን ዘጉና ጀልባው ላይ ወጡ። እኔ ልናገር ስል የመነሻው ፊሽካ ተነፋ።

ምን ላድርግ? ዋኘሁ። ሌላው ወደፊት እያየ ይዋኛል፣ እኔ ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር ጀልባውን አያለሁ። ጋሽ ወንድሙ መሐል ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ጠርዙን በሁለት እጃቸው አንቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጀልባው ዘንበል ባለ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። ቢወድቁ ማን ሊያወጣቸው ነው? ዋና እንደማይችሉ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለ! እንዲህ እየተጨነቅኩ ሳለ እጄ አሸዋ ነካ። ሐይቁ አልቋል። ለራሴ መፍራቱን ረስቼው ነበር።

ጀልባው ዳር ሲደርስ ጋሽ ወንድሙ ጠርዙን ሳይለቁ ወረዱ፤ ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። መሬቱን በጫማቸው መታ መታ አድርገው መሬት መሆኑን አረጋገጡና፣ በረጅሙ ተንፍሰው፣ «ጨረስን!» አሉኝ።

ብስክሌቱና ሩጫው ገና ነበሩ። አላረምኳቸውም።