የልምምድ ሙሽሮች

በዓለም ላይ ከትዳር የሚከብር ነገር ቢኖር ሠርግ ነው፤ ከሠርግም የሚከብሩት የአዳራሹ ባለቤት ናቸው። እኚህ ሴት በበጋው መግቢያ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ "ፍቅር ለደንበኛ ብቻ ነው! ሲፋቀር የተገኘ ሠራተኛ በዚያው ሰዓት ይሰናበታል" የሚል ታሪካዊ መመሪያ አወረዱ። ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው የእህታቸው ልጅ፣ ፕሮግራም መሪዋ ደቂቃ ነበረች።

ደቂቃ ያሰኛት ጠባይዋ ነው፤ ሙሽራ ብታስነጥስ እንኳ ሰዓቷን ታያለች። ቪዲዮ አንሺው ልጅ ደግሞ "ይደርሳል" ይባላል።

"ካሜራው የታለ?"

"ይደርሳል።"

"ባትሪውስ?"

"እሱም ይደርሳል። አንቺ መጀመሪያ ተንፍሺ።"

እሳትና ጭድ ነበሩ። የድርጅቱ አሠራር ግን ጠብ አያውቅም። ሙሽሮች ሥራ ስለሚበዛባቸው፣ በሠርጉ ዋዜማ በሚደረገው ልምምድ ላይ በነሱ ፋንታ ሠራተኛ ይቆማል፤ በቁመናቸው ለዚህ የታጩት ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ሆኑ። እሱ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ ይተክላል፣ እሷ ፊት የሚሸፍነውን ቬል ትደፋለች፣ ከዚያ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይገባሉ። መጀመሪያ ተነቋቆሩ። ቀጥሎ በሳቅ እግራቸው ተጠላለፈ። በኋላማ ደቂቃ ሰዓቷን ረስታ፣ "አላማረም፤ እንደገና እንግባ" ማለት አመጣች። እንዲህ ያለ የሥራ ትጋት የትም አይገኝም! ብቻዋን ስትሆን ግን ትፈራለች፤ አክስቷ ከነቁ የሚባረረው እሱ ነው።

አንድ ቀን ይኸው ልጅ፣ ይደርሳል፣ በሠርጉ ቪዲዮ ፋንታ የልምምዱን ለደንበኛ ላከ። የሙሽሪት እናት ባላቸውን አስከትለው፣ እያለቀሱ አክስትየው ቢሮ ከች አሉ። ደቂቃ "አለቀልን" አለች።

"እትዬ፣" አሉ እናትየዋ፣ "ልጄ እንዲህ ስትፈነድቅ አይቼ አላውቅም! ሙሽራውስ ቢሆን፣ አስተያየቱ!"

"ይህቺ እኮ የኛ ልጅ አይደለችም" አሉ አባትየው ቀስ ብለው።

"አንተ ደግሞ መቼ ልጅህን አይተህ ታውቃለህ!"

ደንበኞቹ መርቀው ሲወጡ አክስትየው ሁለቱን ፊታቸው አቁመው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ደቂቃ ከይደርሳል ፊት ተደነቀረች።

"አክስቴ፣ እሱን አያባርሩት። እወደዋለሁ። ልንጋባ ነው።"

"ማን አባርራለሁ አለ? መመሪያውን ሽሬዋለሁ፤ ተፋቀሩ! በዚህ ቪዲዮ የከተማው ሙሽራ ሁሉ እኛ ጋ ይጎርፋል።"

"ጋብቻውስ?"

"ጋብቻ?!" አሉ የስንቱን ሠርግ የደገሱት ሴት፣ ደንግጠው የሁለቱንም እጅ እየያዙ። "ኧረ በፈጣሪ ልጆቼ! እንዲህ የሚያምር ፍቅር ይዛችሁ፣ ምን ጎደላችሁና ነው የምትጋቡት?"