ሰማንያ የምትለው ፒካፕ

አንዳንድ ሰው ከመድረስ ይልቅ «ፈጥነሃል» መባል ይወዳል። እናንተን አላጋጠማችሁም? እኔን ግን አጋጥሞኛል፤ ያውም አጠገቡ አስቀምጦ።

ጎረቤቴ ጋሽ ሞላ በአሮጌ ፒካፓቸው ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ይዘውኝ ሲሄዱ የፍጥነት ቆጣሪው ሰማንያ ገባ።

«በደንብ ያዝ! ይህች በራሪ ናት» አሉኝ።

ወዲያው አንዲት ባጃጅ ጡሩምባዋን ነፍታ ቀደመችን።

«ጋሽ ሞላ፣ ባጃጅ እኮ ናት!»

«ሰውየው አብዷል፤ ራሱን ሊገድል ነው!»

ስልኬ ላይ ያለውን የጂፒኤስ ፍጥነት ባይ የምንሄደው በስልሳ ነው። ስንመለስ ለምኜ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳቸው።

«ጎማዎቹ ከልኳ ያንሳሉ» አለ መካኒኩ ገና ከማየቱ። «ትንሽ ጎማ ብዙ ይዞራል። ቆጣሪው ደግሞ የሚቆጥረው ዙሩን እንጂ መንገዱን አይደለም።»

ስንቱ ስብሰባ ትዝ አለኝ መሰላችሁ!

ልከኛው ጎማ ገባላት። በሳምንቱ ስንሄድ መርፌው ከሰባ አላልፍ አለ፤ አማኑኤል ግን ከወትሮው ቀድመን ደረስን። ጋሽ ሞላ ፊታቸውን አጨፍግገው ወረዱ።

«ያ መካኒክ መኪናዬን ኤሊ አደረጋት!»

ቀድመን መድረሳችንን እንዲያዩ የእጅ ሰዓቴን ዘረጋሁላቸው። አዩትና በሐዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ሰዓትህን አስመርምር።»