ቄጠማ የተጎዘጎዘላት መሣሪያ

በዓለም ላይ ካሉ ድፍረቶች ሁሉ ያላዩትን ነገር እንደማስተማር ያለ ድፍረት የለም። ዋና የማይችል ሰው ጣና ዳር ቆሞ «እጅህን እንዲህ፣ እግርህን እንዲያ» ሲል ብትሰሙ ትስቁበታላችሁ አይደል? እኔ ይህንኑ እየሠራሁ ደመወዝ ሲከፈለኝ ኖሬአለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ በየዓመቱም ኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር የሚባል መሣሪያ ላይ እደርሳለሁ። ስሙ አያስደንግጣችሁ። ዓይን የማያየውን ብርሃን፣ ያንን ምድጃ ፊት ስትቆሙ የሚሞቃችሁን፣ በአንድ ነገር ላይ ይለቅና ነገሩ ከምን እንደተሠራ የሚናገር ዕቃ ነው። ስለ ገነት የሚያስተምሩ አባቶችስ መቼ አዩ ትሉኝ ይሆናል። እነሱ ደህና መጽሐፍ አላቸው። የእኔ መጽሐፍ የመሣሪያው ሥዕል ያለበት ገጽ ተቀዶበታል።

ስለዚህ በጠመኔ እስላት ነበር። እንዴት ያለች ሥዕል መሰለቻችሁ! የብርሃኑ ምንጭ በቢጫ፣ መስተዋቶቹ በነጭ፣ ናሙናው የሚቀመጥበት ቦታ በቀይ። ዓመት በዓመት እያማረባት ሄደች። ሰሌዳው መሐሉ ላይ ስንጥቅ ነበረው፤ ፈተና ሳርም ተማሪዎቼ ስንጥቁን ጭምር ሥለውት አገኛለሁ። አንዱማ ቀስት አውጥቶ ስም ሰጥቶታል። ከሥዕሉ ሥር ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አስከትላለሁ፤ የዚህ መሣሪያ ዋነኛ ጠላት ምንድን ነው? መልሱ እርጥበት ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው መስኮት ከጨው ዘር የተሠራ ስለሆነ እርጥበት ካገኘው ይሟሟል፤ አየር ላይ ያለ የውሃ እንፋሎትም ንባቧን ያበላሽባታል። ይህን የማይመልስ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም።

ዘንድሮ እሷ ራሷ መጣች። የግዥ ጥያቄው ከቀረበ ወዲህ ስንት ዲን እንደተሾመና እንደወረደ ባልነግራችሁ ይሻላል። ካርቶኑ ከመኪና ሲወርድ መምህራኑ በሙሉ ወጥተን ተቀበልናት፤ ማንም ድምፃችሁን ቀንሱ ሳይለን በሹክሹክታ ማውራት ጀመርን። ካርቶኑ ሲፈታ ከመንገደኛ ሻንጣ የማትበልጥ ነጭ ሣጥን ናት። ሊተክላት ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ቅንጣት ስኳር አስቀመጠባትና ኮምፒውተሩ ላይ መስመር መሳል ጀመረች። መስመሩ ትንሽ ሄደ፤ ከዚያ እኔ ስንት ዓመት «እዚህ ላይ ሰፊ ሸለቆ ታያላችሁ» እያልሁ በጠመኔ የምስለው ቦታ ሲደርስ ሰፊ ሸለቆ ሆኖ ወረደ። እግዚኦ! ለካ እውነት ነው! መጽሐፍ አምኜ ስናገረው የኖርሁትን ነገር፣ ማንም ሳይነግራት፣ እኔን ሳታማክር፣ እዚያው ቦታ ላይ! ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጫንሁ። ባለሙያው «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ቢለኝ፣ «እስቲ ደግማ ታሳየኝ» ብቻ አልሁት።

ወሬው ፎቅ ደረሰ። ፎቅ ማለት የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ የምርምር ላብራቶሪ ያለበት ነው። እንዲህ ያለች ዕቃ የልጆች መጫወቻ ትሁን ወይ አሉ። ይሰብሯታል፣ ባይሰብሯትም የምታወጣውን መስመር ማን ያነብላቸዋል አሉ። ዋና የሚለመደው ውሃ ውስጥ ተገብቶ ነው ብዬ ተከራከርሁ፤ ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ዲናችን ማንንም ላለማስቀየም አንድ ፍርድ ሰጡ። በምርቃቷ ዕለት፣ በእንግዶች ፊት፣ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ በዕጣ ይወጣና ያሠራታል። ተማሪው ከሆነለት ምድር ቤት ከእኛ ጋር ትቀራለች፤ ካልሆነለት ፎቅ ትወጣለች። ፎቅ የወጣ ዕቃ ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ አይቼ አላውቅም።

የምርቃት ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም አባል ነበርሁ፤ ሁላችንም ኬሚስቶች ነን። ሪባን ይገዛ ተባለ፤ ለስላሳ ይምጣ፣ ድፎ ዳቦ ይደፋ ተባለ። ቄጠማስ? ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት ምርቃት ምኑን ምርቃት ሆነ! ከሐይቁ ዳር ለምለም ለምለሙ ታጭዶ እንዲመጣ፣ ያ ሁሉ የኬሚስትሪ ምሁር በአንድ ድምፅ አጸደቀ።

በዕለቱ ማለዳ፣ ቄጠማው ከመምጣቱ በፊት፣ መሣሪያዋን ቀስቅሰን የባዶ አየሩን ንባብ ወሰድን። እሷ የአየሩን ንባብ ከናሙናው ላይ እየቀነሰች ነው የምትሠራ። ከዚያ የፅዳት ባልደረባችን እትዬ ጥሩዬ ውሃው የሚንጠባጠብ ቄጠማ በሸክም አስመጥተው ክፍሉን እስከ ቁርጭምጭሚት አለበሱት። በጣም ነው የበዛ ብንላቸው፣ «ኧረ ለእንዲህ ያለች እንግዳ ያንሳት እንደሁ እንጂ!» አሉን። እውነታቸውን ነው፣ አማረ። አቧራ እንዳይገባባትም መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘጋነው።

ዕጣው ለማስተዋል ወጣ። ማስተዋል የቆላ ድባ ልጅ ናት፤ ጎበዝ ናት፤ ግን ክፍል ውስጥ ስትመልስ ለመስማት ወደ እሷ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። የፎቅ ሰዎች ተያይተው ፈገግ አሉ። እኔ በሆዴ ጸሎት ጀመርሁ። ልጅቱ ከፌስታል ላይ ትንሽ ቆርጣ አስቀመጠችና አስጀመረቻት። ፌስታል በጣም ቀላል ናሙና ነው፤ መስመሩ ረግቶ ይሄድና ጥቂት ቦታ ብቻ ይወርዳል። በትልቁ ስክሪን ላይ የወጣው ግን እንደ ቄጠማ የቆመ፣ የሾለ፣ የተጠጋጋ ነገር ነው! ከፎቅ ሰዎች አንዱ «ተበላሸች» አለ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። ዲናችን ሰዓታቸውን አዩ።  ያላሰብሁት ምክንያት የለም፤ መስተዋቷ ተሰብሮ ይሆን? መብራቱ ተዋዥቆ? የኮምፒውተር ቫይረስ? የሰው ዓይን? ቄጠማው ላይ ቆሜ ካልሲዬ እየረጠበ ሳለ፣ እርጥበት የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ትዝ አላለኝም።

ማስተዋል ስክሪኑን አየች። ቀጥላ ወደ እግሯ አየች። «አልተበላሸችም» አለች፤ ድምፅዋ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ፌስታል እነዚህ ቦታዎች ላይ ምንም እንደማያሳይ፣ የሾሉት መስመሮች የውሃ እንፋሎት መሆናቸውን፣ ማለዳ አየሩ ሲለካ ያልነበረ ውሃ አሁን ክፍሉን እንደሞላው አንድ በአንድ አስረዳች። ዲናችን ታዲያ ውሃው ከየት መጣ ብለው ቢጠይቋት፣ «እርስዎም ቆመውበታል ጌታዬ። ያነጠፍንላትን ቄጠማ ነው የምትነግረን» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብታዩ! እትዬ ጥሩዬ መጥረጊያ አነሡ። ዲናችን ኮታቸውን አውልቀው ቄጠማውን በክንዳቸው ሙሉ እያቀፉ ወደ ውጭ አጋዙ። የክብር እንግዶቹ መስኮት ከፈቱ፤ የጥር ደረቅ ነፋስ ገባ፤ ድፎው ኮሪደር ላይ ተበላ። ክፍሉ ሲደርቅ ማስተዋል አየሩን እንደገና ለካች፤ ያችኑ የፌስታል ቁራጭ አስቀመጠች። መስመሩ ረግቶ ሄደ፤ መውረድ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ወረደ። ማንም አላጨበጨበም። ሁላችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን። ስኳሩን ያየሁ ዕለት የተሰማኝ ነገር ተመልሶ መጣብኝ፤ አሁን ግን የማየው ልጅቱን ነበር። በተሰነጠቀ ሰሌዳ ላይ፣ መሣሪያውን አይቶት ከማያውቅ ሰው፣ በጠመኔ የተማረች ልጅ ይህን አነበበች! ዕፁብ ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

መሣሪያዋ ፎቅ አልወጣችም። የፎቅ ሰዎች ናቸው ዛሬ ወረፋ ይዘው የሚወርዱ፤ ተማሪዎቼ ደግሞ የረጠበ ጫማ አስወልቀው ነው የሚያስገቧቸው። ሹም አቦ ሰፈር ካሉት ጫማ ቤቶችም በየካርቶኑ ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች እየለመኑ ክፍሉን ሞልተውታል። አሁን እንኳን ቄጠማ፣ ያላበው ሰው አይገባም።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደረሰ። ልማድ ነውና ያችኑ የድሮ ጥያቄ አወጣሁ፤ የዚህ መሣሪያ ዋነኛ ጠላት ምንድን ነው? ክፍሉ በሙሉ «እርጥበት» ብሎ መልሷል። ማስተዋል ወረቀት ላይ ስደርስ ሥዕሏ ንጹሕ ነው፤ ስንጥቁ የለበትም። ከሥሩ፣ በዚያች ደቃቅ ጽሕፈቷ፣ «የምርቃት ኮሚቴ» ብላለች። ብዙ አሰብሁበት። በመጨረሻ እንደ ኮሚቴ አባልነቴ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።