ብቻችንን ለመሆን የገዛናት መኪና

ናይሮቢ ውስጥ ባልና ሚስት ብቻቸውን የሚሆኑበት ቦታ የለም። አለ የሚል ሰው ካለ ወይ ሐበሻ አይደለም፣ ወይ ትናንት ነው የመጣው፣ ወይ ደግሞ አድራሻውን ለዘመድ አልሰጠም። እኛ ሰጥተናል። ፓርክላንድስ ያለችው ባለ ሁለት መኝታ ቤታችን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሌላው ዓለም የሚሄድ ሰው ሁሉ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፍባት ኬላ ናት። አንዳንዱ ሻዩን ሳይጨርስ ዓመት ይሞላዋል። ቅሬታ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ሰው እወዳለሁ። ብቻ አንዳንድ ቀን ሚስቴንም እወዳለሁ።

ከምሕረት ጋር ከተጋባን አሥር ዓመታችን ነው። በእነዚህ አሥር ዓመታት ሁለታችን ብቻ ሆነን ያወራንበትን ጊዜ ጥቀስ ብባል የሕንፃችን ሊፍት የቆመብንን ቀን እጠቅሳለሁ። እሱም ቢሆን ዘበኛው ከውጭ ሆኖ በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና»፣ አይዟችሁ፣ እያለ ሲያጽናናን ነበር። ታዲያ አሥረኛ ዓመታችንን በምን እናክብር ብዬ ስጠይቃት ሳታቅማማ «ሦስት ቀን፣ ማንም ሰው በሌለበት ቦታ፣ ካንተ ጋር» አለችኝ። እንደ ወርቅ ወይም እንደ ቀሚስ ያለ ቀላል ነገር ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ማንም ሰው የሌለበት ቦታ ማለት መንገድ የሌለበት ቦታ ማለት ነው፤ መንገድ ካለ ሐበሻ ይደርሳል። መንገድ በሌለበት የሚሄደው ደግሞ በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ነው። በዚህ ጥብቅ አመክንዮ ከጋብቻ በዓል ተነስቼ ፎር ዊል ገዛሁ። ጎኗ ሰፊ፣ ድምጿ ጎርናና፣ ዕድሜዋ ከትዳራችን የሚበልጥ፣ ከእኔ በፊት አንድ ጃፓናዊ የነዳት መኪና ናት። ሰውዬው ጥንቁቅ ስለነበረ መመሪያ መጽሐፏን በላስቲክ አሽጎ አስቀምጦታል። በጃፓንኛ መሆኑን ሳይ እኔም በክብር ወደ ቦታው መለስኩት።

መግዛቱ መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ኦቲየኖ የሚባል ፈንዲ ጋ ወሰድኳት። ፈንዲ ማለት እዚህ አገር ብየዳም፣ ኤሌክትሪክም፣ የሕይወት ምክርም አብሮ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ኦቲየኖ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያትና «ቦስ፣ ይቺ እኮ ገና ራቁቷን ናት» አለኝ። እንዴት እንዳፈርኩ!

ማልበስ ጀመርን። በመጀመሪያ ስኖርክል የሚባል፣ ከሞተሩ ተነስቶ በመስታወቱ ጎን ሽቅብ እስከ ጣሪያዋ የሚወጣ ጥቁር ቧንቧ ተገጠመላት፤ ወንዝ ውስጥ ስትገባ የምትተነፍሰው በእሱ ነው። የትኛው ወንዝ እንደሆነ አልተወሰነም። ከፊት ፓራውልቱ ላይ ደግሞ ዊንች ታሰረ። ጭቃ ሲይዛት በሽቦ ገመዱ ራሷን በራሷ ጎትታ ትወጣለች፤ ከእኛ የሚጠበቀው ገመዱን ዛፍ ላይ ማሰር ብቻ ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ተዘርግቶ የሚከፈት ድንኳን ወጣ። «ችግሩ ከሁለት ሰው በላይ አይዝም» አለኝ ሻጩ፤ ልስመው ምንም አልቀረኝ። የኋላው ወንበር ተነቅሎ በቦታው ባለ መሳቢያ ሣጥን ገባ፣ ከሣጥኑ ላይ ትንሽ ፍሪጅ። ሥራው ሲያልቅ መኪናዋ ውስጥ የቀሩት ወንበሮች ሁለት ነበሩ። ሁለት! ምሕረት ገብታ ተቀመጠች፣ ወደ ኋላ ዞረች፣ ማንም ሊቀመጥ እንደማይችል አየችና እጄን ያዘችኝ። በአሥር ዓመት ውስጥ እንደዚያን ቀን ጎበዝ ሆኜ አላውቅም።

አሁን ስህተቴን ልናዘዝ። መኪናዋን ማንም ሳያያት ይዤ መጥፋት ነበረብኝ። ግን የክርስቲያን መኪና ያለ ጸሎት ከቤት ይወጣል? ቅዳሜ ከሰዓት የጸሎት ኅብረታችን መጥቶ ከበባት። የመሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ የካናዳ ፕሮሰሳቸው እስኪያልቅ ለሁለት ሳምንት ብለው እኛ ቤት ያረፉ እንግዳችን ሲሆኑ፣ ይኸው ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። አገር ቤት መንገድ ሥራ ላይ ስለነበሩ ስለ መንገድና ስለ መኪና እሳቸው ባሉበት ሌላ ሰው አያወራም። ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ለጎማዋ ጸለዩ፣ ለፍሬኗ ጸለዩ፣ ስሙን ለማያውቁት ለጥቁሩ ቧንቧም ጸለዩ። ከአሜን በኋላ ጉዞው ወዴት እንደሆነ ጠየቁ። ምሕረት ከማጋዲ ሐይቅ ማዶ መሆኑን ነገረቻቸውና «እርስዎም አብረውን ቢሆኑ እንዴት ደስ ባለን!» አለች።

በዚህ አትፍረዱባት። እኛ ዘንድ እንዲህ ይባላል። የተጋበዘው «አይ፣ እናንተ ሂዱ» ይላል፤ ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፤ ያኛው «ሌላ ጊዜ» ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ተከባብሮ ወደየቤቱ ይገባል። ስንት ዘመን የሠራ ሥርዓት ነው። ጋሽ ታደሰ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ፈረንጅ አገር ለመሄድ ሲዘጋጁ ስለኖሩ ነው መሰለኝ፣ በመጀመሪያው ግብዣ «እሺ፣ ደስ ይለኛል» አሉ።

እኔስ ከሚስቴ እሻላለሁ? አጠገባቸው እትዬ አስናቀች ቆመዋል። ኢስትሊ ሰፈር የቅመም ሱቅ ያላቸው፣ የኅብረታችን እናት ናቸው። እሳቸው እየሰሙ አንዱን ጋብዞ ሌላውን መተው ይቻላል? አፌ ከእኔ ቀድሞ «እትዬ፣ እርስዎስ?» አለ። እሳቸው ሥርዓቱን ስለሚያውቁ ተማምኜባቸው ነበር፤ እንደ ደንቡም «አይ ልጄ፣ ሱቁን ለማን ጥዬ?» አሉ። እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ስችል እኔ ደንባራው «በሞቴ!» አልኩ። እትዬ አስናቀችም «እንግዲህ በሞትህ ካልክ» ብለው ተስማሙ። ሦስተኛዋን ማንም አልጋበዛትም። የምሕረት የእህት ልጅ ሩት ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሆነች ግብዣ አትጠብቅም። «ዌይት፣ ማጋዲ? ናኩጃ ፒያ! እኔም አለሁበት» ብላ ጨረሰችው።

ሰኞ ወደ ኦቲየኖ ተመለስኩ። የኋላውን ወንበር መልስልኝ ስለው ልጁን ከትምህርት ቤት እንዳባረሩበት አባት አዘነ። ሣጥኑ ወጣ። ፍሪጁ ወጣ፤ በቦታው የእትዬ አስናቀች ትልቁ ብረት ድስትና አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገባ። የሁለት ሰው ድንኳናችን ወረደና ጋሽ ታደሰ ከቤተ ክርስቲያን አስፈቅደው፣ ለሠርግም ለለቅሶም የሚተከለውን ትልቁን ድንኳን ፖርቶመጋላው ላይ ጫኑት። ከድንኳኑ ላይ ስድስት ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ታሰሩ። አምስት ሆነን ስድስት ወንበር ለምን አስፈለገ ብዬ ብጠይቅ እትዬ አስናቀች በመገረም አዩኝና «ድንገት እንግዳ ቢመጣስ?» አሉ። በረሃ ውስጥ!

ስኖርክሉና ዊንቹ ብቻ ተረፉ፤ እነሱም በብሎን ስለታሰሩ ነው። ምሕረት የተመለሰውን ወንበር አየች። ጥፋቱ የሁለታችንም ስለሆነ ማን ማንን ይቆጣል? ፊቷን ሳይ ግን ከልቤ አዘንኩ። አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር፣ አንድ ብቻ።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። ጉዞው እንዴት ነበር ብትሉኝ፣ መዋሸት ስለማይገባኝ፣ ደስ ይል ነበር። የንጎንግን ኮረብታ ትተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሙቀቱ ገባ፣ እትዬ አስናቀች ዝማሬ አነሱ፣ ሩት ቪዲዮ ቀረጸች፣ ጋሽ ታደሰ በየኩርባው የመንገዱን ሥራ ገምግመው ማርክ ሰጡ። ኬንያ በአማካይ አለፈች። የማጋዲ ሐይቅ ነጭ ሆኖ ሲታየን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለጮኸ እኔም ጮህኩ። ከሐይቁ ማዶ፣ ወደ ጋራው ሥር እርሻዎች የሚወስደውን የአፈር መንገድ ያዝን። ማታውን ጋራው ላይ ዝናብ ጥሎ ኖሯል። መሬቱ መረሬ ነው፤ ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ሊጥ ነው። መኪናዬ ገባችበት፣ ሁለት ጊዜ አጓራች፣ ቆመች።

መጀመሪያ ገፋናት። የኋላ ጎማዎቿ ዝም ብለው እየተሽከረከሩ ጋሽ ታደሰን ከእግር እስከ ራስ በጭቃ ቀቧቸው። ያኔ የዊንቹ ቀን ደረሰ። ገመዱን በኩራት ተረተርኩና ዛፍ ፈለግሁ። ሜዳው ላይ ዛፍ የለም፤ አንድ የግራር ቁጥቋጦ ብቻ አለች። እሷ ላይ አስሬ ቁልፉን ስጫን ዊንቹ ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ቁጥቋጦዋን ከነሥሯ ነቅሎ ወደ እኛ አመጣት። ሩት ሳቅ ገድሏት መሬት ተቀመጠች። ጋሽ ታደሰ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩና «በሙያዬ ነው የምናገረው፤ ይቺ መኪና በራሷ አትወጣም» ሲሉ ፈረዱ።

በዚያ ሲያልፍ የነበረ አንድ ማሳይ አህዮቹን አቁሞ፣ እርሻዎቹ ጋ ትራክተር እንዳለና በእግር አንድ ሰዓት እንደማይሞላ ነገረን። ጋሽ ታደሰ እንደ ባለሙያ መሄድ ግድ ሆነባቸው። እትዬ አስናቀች ደግሞ፣ ከሁላችን የተሻለ ስዋሂሊ የሚናገሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ተከተሉ። ሩት እዚያ ማዶ ኔትወርክ ይኖራል ብላ ተነሳች። እኔ መኪናዬን ጥዬ አልሄድም፤ ምሕረትንም እትዬ አስናቀች «ባልሽን በዚህ ጭንቅ ብቻውን አትተዪው» ብለው አዘዟት። ሦስቱ ከአህዮቹ ኋላ ሆነው እየተነጋገሩ ሄዱ። ድምፃቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አወረድንና ተቀመጥን። ከዚያ ምሕረት ጫማዋን ልትቀይር በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ስታይ፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል፣ ከትልቁ ካምቢዮ ጎን ያለችው ትንሿ ካምቢዮ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝ።

ያቺ ትንሽ ካምቢዮ የፊት ጎማዎቹንም ሥራ የምታስገባዋ ናት። ያለ እሷ ፎር ዊል የምትሉት ነገር የለም፤ ትልቅ ታክሲ ነው። ለወንዝ መተንፈሻ፣ ለጭቃ መጎተቻ ሳስገጥም የከረምኩ ሰው ከፋብሪካ አብሯት የመጣውን ነገር ነክቼው አላውቅም። ገባሁ፣ ትንሿን ካምቢዮ ሳብኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ። መኪናዬ በአራቱም ጎማዋ አንዴ ተንፈራገጠችና ከጭቃው ወጥታ ደረቅ መሬት ላይ ቆመች። ይኸው ነው።

ወረድኩ። «ልንደርስባቸው እንችላለን» አልኳት፤ «ገና ሩቅ አልሄዱም።» ምሕረት ደረቅ መሬት ላይ የቆመችውን መኪና አየች። ሦስቱ የሄዱበትን አቅጣጫ አየች። እኔን አየች። ከዚያ በጣም በዝግታ «መልሳት» አለችኝ።

መለስኳት። በገዛ እጄ፣ በሙሉ ፈቃዴ፣ ወደ ኋላ ነድቼ ያችው ጉድጓድ ውስጥ አስገባኋት፣ ትንሿን ካምቢዮም ወደ ቦታዋ መለስኩ። ምሕረት ቀሚሷን ሰብስባ ከፊት ያለውን የጎማ ዱካ በእግሯ ደመሰሰች። በሕይወቴ ከሰው ጋር ተባብሬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የተዋጣለት ይኸኛው ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ማንጎ በላን። እኔ ስዘምር ደስ ይላታል ብዬ አሥር ዓመት የዘመርኩላት ሴት ድምፄን ችላ መኖሯን ነገረችኝ፤ እኔም የምትወደውን ሰማያዊ መጋረጃ እንደማልወደው ነገርኳት። ያልሰማሁትን የልጅነቷን ታሪክ አወራችልኝ። ሳቋ እንዴት እንደሆነ ረስቼው ኖሯል፤ ቤት ውስጥ እንግዳ እንዳይሰማ አፏን ይዛ ነበር የምትስቀው። እዚያ ሜዳ ላይ ግን አፏን አልያዘችም። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ትራክተሩ እየዘመረ መጣ። ማለቴ ተጎታቹ ላይ የቆሙት ሦስቱ ናቸው የሚዘምሩት። ፊታችንን በፍጥነት ወደ ጭንቅ ቀየርን። ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን ዱካ አየ፣ የተደመሰሰውን መሬት አየ፣ ሁለቱን ወንበሮችና የማንጎውን ልጣጭ አየ፣ አንገቱን አስግጎ ትንሿን ካምቢዮ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ፖሌ ሳና፣ ሙዜ» አለኝ፣ ሽማግሌ በሚጠራበት ታላቅ አክብሮት፤ ገመዱንም አሰረ። የጌታ ሰው ነው። የቀሩትን ቀናት በሠርግ ድንኳናችን ሥር አምስት ሆነን አሳለፍን፤ ስድስተኛው ወንበር ላይም በእርግጥ እንግዳ ተቀመጠበት፤ የትራክተሩ ሾፌር።

እሑድ ጋሽ ታደሰ ምስክርነት ሊሰጡ መድረክ ላይ ወጡ። የሰው ብልሃት ሁሉ ማለቁን፣ ቁጥቋጦ እንኳ መነቀሉን፣ እሳቸው በሙያቸው ተስፋ መቁረጣቸውን፣ ከዚያም በምድረ በዳ ትራክተር መዘጋጀቱን ተናገሩ። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። የምሕረት «አሜን» ከሁሉም በላይ ተሰማ፤ እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር።

ከፕሮግራሙ በኋላ የመዘምራኑ መሪ ወደ እኛ መጥታ፣ በምስክርነቱ ልባቸው እንደተነካና በሚቀጥለው ጉዞ እነሱም ሌላ መኪና ይዘው ሊከተሉን እንደሚፈልጉ ነገረችን። ስምንት ናቸው። እኔ በድንጋጤ «እንግዲህ፣ ቦታው…» ብዬ ስጀምር ምሕረት ክንዴን ያዝ አደረገችኝና በፈገግታ «ሁላችሁም ኑ» አለች። «ብቻ ዝናብ በጣለ ማግስት ይሁን።»